የዳኛቸው ቦምብና ያልታጨደው ገብስ

በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አንድ ሰዓት የማያስኬድ መንደር ውስጥ፣ ዳኛቸው የሚባል ገበሬ ነበረ። ጦር ሜዳ ውሎ አያውቅም። ጣሊያን ትቶት ከሄደው ምሽግ ግን አንዲት የእጅ ቦምብ አንሥቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎታው ሥር አኖራት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ የሹመት ያህል ነው።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት ከጎረቤቱ ከእንየው ጋር በግጦሽ ወሰን ተጣሉ። ሽማግሌ ይቀመጥ ሲባል ዳኛቸው፣ «ሽማግሌ የሚለምን አቅም ያጣ ነው» ብሎ ቦምቧን ይዞ ወጣ። እንየው ልጆቹን አየና ወሰኑን ለቀቀ። ድል ማለት ይኸው ነው እንግዲህ!

በጥቅምት ሃምሳ አምስት አሜሪካና ሩሲያ በኩባ ሮኬት ተፋጠጡ። ወሬው በአንድ ነጋዴ ራዲዮ አርብ ገበያ ደረሰ። አንዷ ቦምብ አንድ ከተማ ታጠፋለች ሲባል ገበያተኛው አማተበ። ዳኛቸው ግን እንደ ሙያ ባልደረባ አስተያየቱን ሰጠ።

«ምን ያነጋግራቸዋል? አንዱ ቀድሞ ቢወረውር ያበቃ ነበር።»

በሚቀጥለው አርብ ተደራድረው ሮኬት የጫኑት የሩሲያ መርከቦች እንደ ተመለሱ፣ ሮኬቶቹም ሊነቀሉ እንደ ሆነ ተሰማ። «ፈሪዎች» አለና ተፋ።

ሰኞ ገብሱን ሊያሳጭድ ደቦ ጠራ። ሚስቱ ሐረገ ወይን ጠላ ጠምቃ ጠበቀች። አንድም ሰው አልመጣም።

«ወርቁ ጎኑን ታመመ አሉ» አላት።

«ትናንት ግንድ ተሸክሞ አይቼዋለሁ።»

«ፈንታስ?»

«እሱም ጎኑን ነው። የአገሩን ጎን ሁሉ ያሳመመው የአንተ ጎታ ነው።»

እውነቷን ነው። የደቦ ሰው አጭዶ ሲመለስ ከባለቤቱ ቤት ገብቶ ይጠጣል፣ ይፎክራል፣ ወለሉን በዱላ ይደበድባል። ቦምብ ካለበት ቤት ማን ወለል ይደበድባል?

«ይፈሩኛል ማለት ነው» አለ ዳኛቸው፣ ደስ ብሎት።

«አዎ። እንግዲህ ገብሱም ይፍራህና ራሱን ይጨድልህ።»

በስማዳ በኩል ደመና ሲጠቁር ወደ ቤተ ልሔም ደብር፣ ወደ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ሮጠ።

«የኔታ፣ መንደሩን ይገዝቱልኝ። ለደቦ ያልመጣ ሁሉ የተወገዘ ይሁን።»

«ቦምቡ አነሰህና ግዝት ልትጨምር?» አሉት መሪጌታ። «የተወገዘ ሰው ደግሞ ማጭድ ይዞ ሊመጣልህ ነው? ወሰኑን መልስ። ያችንም ነገር ከቤትህ አውጣ።»

«እንየው፣ ፈርቶ ነው የመለሰልኝ ይለኛል።»

«ይበልህ። ገብስህን እያጨደ ይበልህ።»

ሰውየው ግን ሦስት ቀን ተከራከረ። መጀመሪያ ቦምቧ በረት ትደር አለ። ቀጥሎ ማፈንጃዋ ተነቅሎ አካሏ ይቆይልኝ አለ። ምን ልታደርግለት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደና ግማሹን ገብስ ከአፈር ደባለቀው። ያን ጊዜ ዳኛቸው ማሳው ዳር ቆሞ፣ ቦምቧን የሚወረውርበት ደመና አጣ።

በማግስቱ ከመሪጌታ ጋር ሄዶ ለፖሊስ አስረከባት፤ ፖሊሱም እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ወሰዳት። ወሰኑ በሽማግሌ ተመለሰ። ሁለቱም መሣሪያ ይዘው ወደ ግጦሹ ላይወጡ ማሉ።

ጎኑን የታመመ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዳነ። የተረፈውን ገብስ ለማጨድ ማሳው ውስጥ ቀድሞ የገባው እንየው ነው። ማታ ቤቱ በፉከራ ተናወጠ፤ ወለሉ የዓመቱን ዱላ ቀመሰ። ዳኛቸውም ሁለት ዋንጫ ሲደርሰው ተነሣ።

«ያም ሆነ ይህ፣ እኔን ፈርታችሁ ነው የመጣችሁት» አለ።

«እንዴታ!» አለ እንየው ጠላውን እየቀዳለት። «እንዲህ ባዶ እጅህን ስትሆን እኮ በጣም ታስፈራለህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐረገ ወይን ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ዳኛቸው ግን ምስጋና መስሎት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።