ያልጠቆረው ቅጠል

በዛወርቅ ሰው መናቅ የጀመረችው መቼ እንደሆነ ባሏ አምባው እንኳ አያውቅም። ሲያገባትም እንዲሁ ነበረች። ቦንጋ ተወልዳ ያደገች፣ ጂማ ተምራ የተመለሰች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ጠመኔ ስትይዝ ኖራ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ምላሷ ግን አንድ ቀን አልዶለዶመም። በከተማው እሷ ያልናቀችው ሰው ካለ ገና ያልተዋወቀችው ነው ይባላል። የቢሮ ሰዎችን «ከስብሰባ ስብሰባ ይዞራሉ፤ ወፍጮ ቤት የገባ እህል እንኳ ዱቄት ሆኖ ይወጣል» ትላለች። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡትን መምህራን ዝናብ ሲበዛ ስለሚያማርሩ ትንቃቸዋለች፤ የአገሯን ልጆች ደግሞ ዝናቡን ራሳቸው ያዘነቡት ይመስል ስለሚኮሩበት ትንቃቸዋለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ሳይገባው የሚሸመድድን ሰው ነው።

«ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያወርድላታል። ተክሎች በፀሐይ ብርሃን ተጠቅመው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አዋሕደው ምግብ የሚሠሩበት ሂደት። ቃል አይስቱም።

«ጎሽ፣» ትላለች ፊቷን ሳትፈታ። «በቀቀንም ሲያስለምዱት ይናገራል። እሺ፣ ከክፍላችን ጀርባ ያለው ዋንዛ ያን ሁሉ እንጨት ከየት አመጣው?»

«ከአፈር!»

«አፈር እየበላ ቢሆንማ የካፋ ደን ይኼን ጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ሰምጦ አናቱ ብቻ ይታየን ነበር። ከአየርና ከውሃ ነው! ቅጠሉ ዓይናችሁ በማያየው ቀዳዳ አየር ይስባል፤ ሥሩ ውሃ ይልክለታል፤ ክሎሮፊል የምትሉት አረንጓዴ ቀለም ብርሃኑን ይይዛል። በብርሃኑ ጉልበት ውሃውን ይሰነጥቀዋል። ከውሃው የወጣውን ኦክስጅን ለእናንተ ይተፋላችኋል፤ እናንተም በእሱ ተንፍሳችሁ ‹ከአፈር› ትሉኛላችሁ። የቀረውን ከአየሩ ጋር ሰፍቶ ስኳር ያደርገዋል። ታዲያ ብርሃኑ የት ገባ? ስኳሩ ውስጥ! ጠዋት የበላችሁት ቆጮ እንሰቱ ያጠራቀመው ፀሐይ ነው። ፀሐይ በልታችሁ መጥታችሁ ነው እንዲህ የምትተኙብኝ።»

ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይፈሯታልም። በቤተ ሙከራው መስኮት ሥር በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ቦሎቄና ዱባ፣ ከማንኪራ ደን ያስመጣቻቸውን የቡና ችግኞችም ታበቅላለች። በየዓመቱ ከቦሎቄው ቅጠል በጥሳ የሠራውን ስታርች በአዮዲን አጥቁራ ታሳያለች። ያን ጊዜ ብቻ ነው ፊቷ የሚፈታው።

ይህ እንዲህ ሲሄድ ቆይቶ ግዛቸው ርዕሰ መምህር ሆኖ መጣ። ግዛቸው ድሮ ተማሪዋ ነበር። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ስብሰባ ላይ ሲናገር «ሞዴል» እና «ኢኖቬሽን» የሚሉትን ቃላት እንደ ጨው የሚነሰንስ ሰው ሆኗል። በዛወርቅ ሹመቱን ስትሰማ «አሥረኛ ክፍልም እጁን ቀድሞ የሚያወጣው እሱ ነበር፤ መልሱን ግን ሌላ ሰው ነበር የሚያውቀው» አለች፤ ነገሩም በዚያው ቀን ግዛቸው ጆሮ ደረሰ።

ግዛቸው ከዞኑ እንግዶች ሊመጡ መሆኑን ሲሰማ ቤተ ሙከራውን «አረንጓዴ ሞዴል ክፍል» ሊያደርገው ወሰነ። ግድግዳው አረንጓዴ ተቀባ። መስኮቱ የሚያምር መጋረጃ ለበሰ፤ በመጋረጃው ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር «ተክል ሕይወት ነው» የሚል ባነር ተወጠረ። ክፍሉ በቀትር መብራት ካልበራ ሰው ከሰው የማይተያይበት ሆነ። ጀሪካኖቹ ከነችግኞቻቸው ከአጥር ውጭ ተጣሉ፤ አፈራቸው ወለል ያቆሽሻል ተብሎ ነው። በምትካቸው ከአዲስ አበባ በመኪና የተጫኑ የላስቲክ ተክሎች በየጥጉ ቆሙ። ትልልቅ፣ የሚያብረቀርቁ፣ አንድም ትል የማይደፍራቸው።

በዛወርቅ ቅዳሜና እሑድን አርፋ ሰኞ ስትመጣ ይህን አየች። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችው። ቀጥላ ወደ ግዛቸው ቢሮ ሄደች።

«ልጄ፣ ደን ውስጥ ተቀምጠህ የላስቲክ ዛፍ በመኪና አስጫንክ አሉ?»

«እትዬ፣ አይቆጡ፣» አለ ግዛቸው ከመቀመጫው ተነሥቶ። «ለእይታ ነው። የእርስዎ ተክሎች ይደርቃሉ፣ ይረግፋሉ። እነዚህ ሁልጊዜ አረንጓዴ ናቸው።»

«ሬሳም አይታመምም።»

ግዛቸው ሳቀ፤ ከአንገት በላይ ነበር። «የሠርቶ ማሳያ ትምህርቱን እርስዎ ነዎት የሚሰጡት። ርዕሱ ፎቶሲንተሲስ ነው፤ ለክፍሉ ይስማማል። እባክዎ ከውጭ አፈርና ቆሻሻ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ። ክፍሉ ውስጥ ባለው ይጠቀሙ።»

«ክፍሉ ውስጥ ባለው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሺ፣ የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣» አለች በዛወርቅ፤ አንቱታውን ከዚያ ቀን በፊት ሰጥታው አታውቅም።

ሄርሜላ የምትባል ከሌላ ክልል የተመደበች ወጣት የኬሚስትሪ መምህርት ነገሩ ገባት። በመምህራን ማረፊያ ተጠግታ «እትዬ በዛ፣ የሚያስቡትን አያድርጉት» አለቻት።

«ምን አሰብኩ?»

«እኔ እንጃ። ፊትዎ ግን ያስፈራል። እሱ ሰው አይጎዳም እኮ። ትንሽ መታየት ይወዳል እንጂ።»

«አንቺም መጋረጃውን ስትሰቅይ አይቼሻለሁ፣» አለች በዛወርቅ። ሄርሜላ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወጣች። በዛወርቅ አልተከተለቻትም።

እንግዶቹ የመጡት ከባድ ዝናብ ካባራ በኋላ ነበር። ኮታቸውን አራግፈው ገቡ። አለቃቸው ሆዱ ከፍ ያለ፣ ድምፁ የሞቀ ሰው ነው። ገና ከበሩ ላይ እጁን ዘርግቶ በማዕዘኑ ያለውን ረጅሙን ተክል አየና «አቤት! አያችሁ? ካፋ ማለት ይኼ ነው! እንዴት ያለ ልምላሜ ነው! ውሃ ማጠጣት ላይ የተጋችሁ መሆኑ ያስታውቃል» አለ። ግዛቸው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ፎቶ አንሺው ደጋግሞ አነሣ። ተማሪዎቹ ከንፈራቸውን ነከሱ።

በዛወርቅ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ፊት ለፊት ቆማለች። በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ውሃ ይፈላል።

«ቅጠል ምግብ መሥራቱን በምን እናውቃለን?» ብላ ጀመረች። «የሠራውን ስኳር ስታርች አድርጎ ያስቀምጠዋል። ስታርች ደግሞ አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል። ጠቆረ ማለት ሠርቷል፤ ካልጠቆረ አልሠራም። የተከበሩ እንግዳችን፣ ቅጠሉን እርስዎ ይምረጡልን።»

ሰውየው ደስ እያለው ወደሚያደንቀው ተክል ሄዶ ትልቁን ቅጠል ያዘ። ቅጠሉ እንቢ አለው። ሳብ ሲያደርገው ከነሽቦው ተነቅሎ ወጣ። ሽቦውን አየው፤ ግን ሰው እያየው ስለሆነ እንዳላየ ሆኖ አስረከባት።

ግዛቸው «እትዬ» አለ።

በዛወርቅ ከቦርሳዋ ከጓሮዋ የበጠሰችውን የቦሎቄ ቅጠል አወጣች። «ይህ ማወዳደሪያችን ነው። ታጥቧል፤ አፈር የለውም» አለች። ሁለቱንም የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተች። ምድጃውን አጥፍታ በስፒሪት የተሞላ ብርጭቆ በፈላው ውሃ ውስጥ አስቀመጠችና ቅጠሎቹን ወደዚያ አዛወረች። የቦሎቄው አረንጓዴ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ስፒሪቱ ወረደ፤ ቅጠሉ እንደ ስስ ወረቀት ነጣ። የላስቲኩ ቅጠል ግን ከፈላው ውሃ ሲወጣ ዳርና ዳሩ ተኮማትሮ እንደ ተጨበጠ እጅ ሆኖ ነበር። ቀለሙ ወይ ፍንክች። የላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መስኮት ሊከፍቱ ቢነሡ ባነሩ ከለከላቸው።

ሁለቱን በየሳህናቸው ዘርግታ አዮዲኑን አንጠባጠበችባቸው። የቦሎቄው ሰማያዊ መሰለ፤ ከዚያ ጠቆረ። በላስቲኩ ላይ አዮዲኑ እንደ ሻይ ጠብታ እየተንከባለለ ከሳህኑ ጥግ ተጠራቀመ።

«ምነው አልጠቆረም?» አለች በዛወርቅ ተማሪዎቹን።

 ወንጌላዊት የምትባል ዝምተኛ ተማሪ ከኋላ ተነሥታ «ምግብ አልሠራም» አለች።

«ለምን? ብርሃን አጥቶ ነው? ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ? ወይስ ውሃ አልጠጣም? እንግዳችን ውሃ በደንብ ጠጥቷል ብለዋል።»

ያኔ ክፍሉ ፈነዳ። ከእንግዶቹ አንዱ እንኳ በመሐረቡ አፉን ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ግዛቸው አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ ከሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ በዛወርቅ አየችው፤ ለቅጽበት ያ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው ልጅ መሰላት። አላዘነችለትም። ልታዝን ያሰበች ግን ይመስላል፤ ጠርሙሱን ስትከድን ክዳኑ ከእጇ ወድቋልና።

አለቃው ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። ጉሮሮውን ጠርጎ «ይኼ በጣም ጥሩ ነው» አለ። «ሰው ሠራሽ ተክል ውሃ አይፈልግም፤ ውሃ ይቆጥባል። ይህም ኢኖቬሽን ነው። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ልምድ ይውሰዱ።» ጭብጨባ ተነሣ። ትምህርት ቤቱ የዕውቅና ምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ያ የልምላሜ ፎቶም በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ስንቱ «እንኳን ደስ አላችሁ» እንዳለበት በዛወርቅ አይታ፣ ስልኩን ለአምባው እየሰጠች «እንካ፣ አገርህን እያት» አለችው።

ብዙ ሳይቆይ እሷም የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት። «በደካ ካለው ከፍተኛ የመምህር እጥረት የተነሣ» ይላል። ደካ የጌሻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሩቅ ናት፣ ክረምት መንገዱ ጭቃ ነው።

«ይቅርታ ብትጠይቂውስ?» አለ አምባው መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሲሸኛት።

«ማንን? ላስቲኩን?»

«በዛ፣ ሁሉን ንቀሽ የት ትደርሻለሽ?»

«ደካ፣» አለችና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። አምባው ሳይወድ ሳቀ። ሄርሜላም ሊሸኟት ከመጡት መካከል ነበረች፤ አንድ ጠርሙስ አዮዲን በጋዜጣ ጠቅልላ በመስኮት አቀበለቻት። በዛወርቅ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መኪናው ከተነሣ በኋላ «ጎበዝ» አለች፤ ልጅቷ ግን አልሰማቻትም።

የደካው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረውም። በዛወርቅ በመጀመሪያው ቀን አይታ «እሰይ፣ የሚቀባ ግድግዳ የለም» አለች። በአጥሩ ሥር ቦሎቄ ተከለች። ቅጠሉ ሲደርስ ምድጃውን ደጅ አውጥታ ሙከራውን ሞከረች፤ አልተሳካም። ሰሞኑን ሰማዩ ደመና ከድኖት ከርሞ ቅጠሉ ያጠራቀመውን ጨርሶታል፤ አዮዲኑ ሲያርፍበት ብጫ ሆኖ ቀረ። የደካ ልጆች አላጨበጨቡም፣ አልሳቁም። አንገታቸውን አስግገው አዩና «አልሠራም እኮ» አሏት ፊት ለፊት።

«ፀሐይ ስትወጣ እንደግመዋለን፣» አለች በዛወርቅ፤ እንደ ወትሮዋ ልትቆጣ ፈልጋ ቁጣው አልመጣላት አለ።

ፀሐይ ስትወጣ ደገሙት። ጠቆረ። ልጆቹ በሳህኑ ዙሪያ ተጋፉ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ዝማሬ የተባለ ተማሪ ቅጠሉን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና ጠየቃት።

«እትዬ፣ ብርሃን ከሆነ የሚበላው፣ ሌሊት ምን ይበላል?»

በዛወርቅ አየችው። ይህን ጥያቄ በቦንጋ አንድም ልጅ ጠይቋት አያውቅም፤ ከሽምደዳው ውስጥ የለበትም።

«አንተ ሌሊት ምን ትበላለህ?»

«ምንም። ማታ የበላሁትን ይዤ ነው የምተኛው።»

«እሱም ቀን የሠራውን ይዞ ነው የሚያድረው። የሠራውን ስታርች ወደ ስኳር እየመለሰ ሌሊቱን ይኖርበታል፤ የቀረውን ወደ ሥሩ ይልካል። ለዚህ ነው ቅጠሉ በንጋት ቢሞከር የማይጠቁረው። ካላመንከኝ ነገ ፀሐይ ሳትወጣ መጥተህ በጥሰው።»

«እመጣለሁ፣» አለ ልጁ።

ሌሎቹም እንመጣለን አሉ። በዛወርቅ «የደካ ሰው መቼ በሰዓቱ ተነሥቶ ያውቃል» ብላ እያጉረመረመች ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ በደካ ቤት የምትጋራት መምህርት እንደተናገረችው ግን፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ እሷ ራሷ ጫማዋን ፍለጋ ስትተራመስ የቤቱን ሰው ሁሉ ቀሰቀሰች።