ለአርባው የተሠራች ባጃጅ

ይሻው ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ይጠግናል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከዘይት ቆርቆሮ ትንንሽ መኪና፣ ወፍጮ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይሠራል። ጉዱ ግን መሥራቱ አይደለም፤ ማስረጀቱ ነው። ቆርቆሮውን በጨውና በሎሚ ያዝገዋል፤ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት፣ እጅ በሚበዛበት በኩል ብቻ ይልጠዋል። ወፍጮውን ያየ ሰው ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ ናፍጣ ይሸተኛል ብሎ!

እትዬ ወርቅነሽ የመጡት ልጃቸው ደረጄ ከነባጃጁ ገደል በገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

“ለአባቱ ፈረሱና ጠመንጃው ወጥቶ ተለቅሶበታል” አሉ። “ለልጄ ምን ይውጣለት? ባጃጇ እንደሁ ተጨራምታ ቀርታለች። ለአርባው ሥራልኝ። አዲስ አድርገህ እንዳታመጣብኝ ደግሞ፤ በመጨረሻው ቀን እንደነበረችው።”

“እሺ እትዬ” አለ። የተሰበረውን የፍሬን መርገጫ በሽቦ አስሮ፣ “መለዋወጫው እስኪመጣ ትሄድልሃለች” ብሎ በዚያን ቀን ጠዋት ደረጄን የሸኘው እሱ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ባጃጇ ሁለት ሳምንት ፈጀችበት። የተሰነጠቀውን መስታወት ከነፕላስተሩ፣ የመዳፍ ላብ የላጠውን መሪ፣ ደረጄ ይመላለስበት ከነበረው ከጋፋት መንገድ ያመጣውን ጭቃ አንድ በአንድ አኖረ። ክንድ በማትሞላ ቆርቆሮ ላይ የሰው ዕድሜ እንዴት ያርፋል! መርገጫው ላይ ሲደርስ ግን ደህና ብረት ቆርጦ ገጠመ።

በአርባው ዋዜማ እትዬ ወርቅነሽ ባጃጇን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ጭቃዋን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ውስጧን አዩ።

“ሽቦው የት አለ?”

ይሻው እጁን ወደ ባጃጇ ሰደደ።

“ልጄ የዚያን ቀን ምሳ ሲበላ ነግሮኛል። ‘ይሻው በሽቦ አሰረልኝ፣ አትስጊ’ ብሎ።” ድምፃቸው ከፍ አላለም። “በል እሰራት።”

“እትዬ፣ ነገ ሰው ሁሉ ያያል’ኮ።”

“ይይ! እኔንም ይየኝ። ‘እንግዲህ ይሻው ካለ ሂድ’ ያልሁት እኔ አይደለሁ?”

ደህናውን ብረት ነቅሎ በሽቦ አሰረ።

በማግሥቱ ለቅሶው ሜዳ ላይ እትዬ ወርቅነሽ ባጃጇን ከፍ አድርገው እየዞሩ አለቀሱ። የደረጄ የሥራ ጓደኞች፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ተጠግተው አዩ። ሙላቴ የሚባለው መርገጫውን በጣቱ ነካ።

“ይቺን ማን ነው ያሰራት?”

ይሻው ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ወደ መሃል ወጣ።

“እኔ ነኝ። የእውነተኛዋንም ያሰርሁት እኔ ነኝ።”

የሰደበው የለም። ለቅሶው ቀጠለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከይሻው ደጃፍ የሚቆም ባጃጅ ጠፋ።