የማይቀመስ ዘይት

የቀለበት መንገዱ ተሠርቶ፣ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ በየአጥሩ ሥር አሸዋና ጠጠር በሚከመርበት ዘመን፣ ከቤታችን ጀርባ አንድ ማጣሪያ ተከፈተ። ከየጋራዡና ከግንባታ ማሽኖች የተቀዳ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በበርሜል ይመጣል፤ ይፈላል፣ ይጣራል፣ መልሶ ይሸጣል። ምድጃውም የሚነደው በዚያው ዘይት ነበር። ጭሱ እምብዛም አይታይም። የሚታየው ካረፈ በኋላ ነው፤ የታጠበ አንሶላ ላይ፣ ጓሮ ያለው ጎመን ላይ፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ብናኝ እናገኛለን።

ታናሽ እህቴ አስም አለባት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ነበረች። በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ስፌት ቤት አድርጋ በእጇ ሥራ ትተዳደራለች። ማጣሪያው ከመጣ በኋላ ሳሉ ጠናባት። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረላትና ሰፈር ካልቀየረች እንደማይበቃት ነገራት። ወንድማችን ደብረ ዘይት ቤት ስላለው፣ ነይ አላት።

“እትዬ፣ ከዘይት ሸሽቼ ደብረ ዘይት ልግባ?” አለችኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ይሁንና ለስፌት መኪናዋ ገዢ ማጠያየቅ ጀምራ ነበር።

የእድራችን ሴቶች ዝም ብለን አንሸኛትም ብለው ተነሡ። ጽሕፈቴ ይነበባል ተብሎ ለጤና ቢሮ የሚገባውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። “በሰፈራችን ያለው የዘይት ማጣሪያ ጤናችንን እየጎዳ ነው” አልኩ። ለእኔ ግልጽ ነበር።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ከጤና ቢሮው ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ባለሙያ ትንንሽ ጠርሙሶች ይዞ መጣ። ሴቶቹ ማጣሪያው በር ላይ ከበቡት።

“የምግብ ዘይቱን ናሙና ልወስድ ነው” አለን።

“የምግብ?” አለች ሾላ ገበያ በርበሬ የምትነግደው ጎረቤታችን። “የኔ ልጅ፣ በዚህ ዘይት የተሠራ ወጥ ብትበላ ያለ ታክሲ መገናኛ ትደርሳለህ!”

የማጣሪያው ባለቤት በሩን ተደግፎ፣ “ይቅመሰው እንጂ!” እያለ ሳቀ። “ደግሞ እናንተን የሚያስላችሁ የመንገዱ አቧራ ነው” አለን።

ልጁ አፈረ። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ ለካ ማመልከቻው ላይ “የሞተር” የሚለውን ቃል አልጻፍኩም። እህቴ ግን ከስፌት ቤቷ ወጥታ፣ “የመጣህበት ባይሆንም ውሃ ሳትጠጣ አትሄድም” ብላ ወደ ግቢያችን አስገባችው። ቤት ውስጥ ሳይሆን ደጅ ወንበር አወጣችለት። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም። ስለ እናቱ፣ ስለ ትምህርቱ ረጋ ብላ ጠየቀችው። ምድጃው ከአጥር ወዲያ ያጉረመርማል።

ሲነሣ የጋውኑ ትከሻ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። በእጁ ሊያራግፈው ሲል ተለቀለቀ።

“ተወው፣ አትንካው!” አለች እህቴ። ሳሉ አቋረጣትና እስኪያልፍላት ጠበቀች። “አቧራ ቢሆን ይራገፍልህ ነበር። አሁን አውልቀውና ይህ ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል ወስደህ አሳይልን።”

ልጁ ጋውኑን አየ፤ እሷን አየ። አውልቆ ወደ ውስጥ አጠፈውና፣ “አላጥበውም፣ እናቴ” አላት።

ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ጠርሙስ አልያዙም፤ አየር የሚስብ መሣሪያ ጣሪያችን ላይ ተከሉ። ዓይን የማያየው ብናኝ ከሚታየው ይልቅ ወደ ሳንባ እንደሚዘልቅ አስረዱን። ባለቤቱ ጭሱን የሚያጣራ ዕቃ እስኪገጥም ምድጃውን እንዲያጠፋ ታዘዘ። እሱ ግን በርሜሎቹን ጭኖ ሰፈር ለቀቀ። ወዴት እንደሄደ ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የእህቴ ሳል ጨርሶ አልተዋትም፤ ሌሊት ግን መተኛት ቻለች። ወንድማችን ቀደም ብሎ በተቀጣጠሩበት ቀን ጭነት መኪና ተከራይቶ ዕቃዋን ሊወስድ መጣ። እሷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣

“ደንበኛ ይዣለሁ፤ ቁጭ በል” አለችው።

በእህቴ ኮራሁ። ለወንድማችንና ለሾፌሩ ምሳ አቀረብኩ።