ከዱባይ በሰው እጅ የመጣው ላፕቶፕ

ላፕቶፑ ቡታጅራ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በቢጫ ሻሽ ተጠቅልሎና በነጭ ሲባጎ ታስሮ ነው። ያመጣችው ልጅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «አልሐምዱሊላህ፣ አደራዎን አድርሻለሁ» ብላ ተቀመጠች። እኔ ከሁሉ በፊት ያየሁት ቋጠሮውን ነው። የኛ ቤት ቋጠሮ አልነበረም።

እኔ የተወለድኩት እምድብር አጠገብ ነው። አባቴ መርካቶ ይነግድ ስለነበር እናቴ ቆጮና ቅቤ በአውቶቡስ ትልክለት ነበር። በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከረጢት ውስጥ ትከትና በቃጫ ታስረዋለች። አስተሳሰሯ የራሷ ነው። ቃጫውን ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ታዞራለች፣ ጫፉን በመጀመሪያው ዙር ሥር ታሾልካለች፣ ከዚያ ወደ ላይ ትስበዋለች። የማያውቅ ሰው ከፈታው መልሶ እንደዚያ አያስረውም። አባቴ ጥቅሉ ሲደርሰው ቃጫውን ሳይቆርጥ ይፈታና ከባዶው ከረጢት ጋር መልሶ ይልከዋል። እናቴ ቃጫውን በጣቷ እየዳሰሰች ትመረምራለች። አንድ ጊዜ ተቆርጦ መጣ፤ ያ የአውቶቡስ ረዳት ከዚያ በኋላ የኛን እቃ ይዞ አያውቅም። በሌላ ቤት እንዲህ ያለ ልማድ ይኑር አይኑር አላውቅም፣ በኛ ቤት ግን ነበር። እኔም አግብቼ ቡታጅራ ስገባ ይዤው መጣሁ። ለሴት ልጄም ሰባት ዓመት ሳይሞላት አሳየኋት።

ይህች ልጄ ዱባይ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስትሄድ ልጇን ለእኔ ትታልኝ ነው። የልጅ ልጄ አሁን ወልቂጤ ምህንድስና ትማራለች፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የመመረቂያ ሥራዋን የጓደኞቿን ላፕቶፕ በተራ እየተዋሰች እንደምትሠራ እናቷ ሰማችና «እኔ እገዛላታለሁ፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ» አለች።

እንዴት ይምጣ የሚለው ብዙ አነጋገረን። በካርጎ ቢላክ መጋዘን ውስጥ ይከርማል፣ ማን እንደሚነካውም አይታወቅም። በሰው እጅ ቢመጣ የሚነካው ሰው ቢያንስ ይታወቃል። ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ ያለች ወጣት ነጋዴ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ዱባይ እየተመላለሰች ልብስ ታመጣለች፣ የሰፈሩን ሰው እቃም ይዛ ትመጣለች። ሱቅ የላትም። ሥራዋ የቆመው ሰው ስለሚያምናት ብቻ ነው። በእሷ ይምጣ ተባለ፣ እኔም ተስማማሁ። ልጄን ግን በስልክ «በኛ አስተሳሰር እሰሪው» አልኳት። «እሺ እማዬ» ብላ ሳቀች።

ሐሙስ ዕለት ያየሁት ቋጠሮ ወደ ቀኝ የዞረ፣ ጫፉ ከላይ ያለፈ ነበር።

«ካርቶኑስ?» አልኳት ያመጣችውን ልጅ።

«ካርቶን አልነበረውም እትዬ። እንዲህ እንደታሰረ ነው የሰጠችኝ።»

«መንገድ ላይ አልተፈታም?»

«በማሽን ውስጥ አለፈ እንጂ ማንም አልፈታውም። ምነው?»

«ምንም» አልኩ። ሻይ እንኳን ሳላቀርብላት ሄደች።

ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ካርድ ከቦታው ከታጣ ያወጣው ሰው አለ ማለት ነው፤ በራሱ አይሄድም። ስለዚህ ሲባጎውን ሳልፈታ በጎን በኩል አንሸራትቼ አወጣሁትና ከነቋጠሮው መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ላፕቶፑን ገልጬ አየሁት። ከፊደሎቹ ጎን የዓረብኛ ፊደል አለበት። ጥጉ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት አገኘሁ።

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ጭኔ ላይ ይዤው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውየው ጢሙ ሸብቷል፣ ንግግሩ ግን የልጆች ነው። ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ከፍቶ አየው።

«ማዘር፣ ይሄማ ያገለገለ ነው።»

«አዲስ ነው የተባልኩት።»

«ማን ነው ያለዎት? ብሎኖቹን ይዩ፣ አፋቸው ተፋፍቋል። አንድ ሰው ከፍቶታል። ፊደሎቹንም ይዩ፣ በጣት ብዛት ደብዝዘዋል። እቃው አሪፍ ነው፣ ይሠራል። ግን ይሄ አዲስ ከሆነ እኔም ሙሽራ ነኝ።»

ወደ ቤት ስመለስ ነገሩ ሁሉ በቅደም ተከተል ተሰልፎልኝ ነበር። ልጄ አዲሱን ከነካርቶኑ ለነጋዴዋ ሰጠቻት፤ እሷ ፈታችው፣ አዲሱን አስቀርታ አሮጌ አገባችበት፣ ከዚያ በራሷ አስተሳሰር አሰረችው። የጎደለ ነገር አልነበረውም። በሬ ላይ ጎረቤቴ አገኘችኝና «ምን ተሸክመሽ ነው?» አለችኝ። ብዙ አላልኩም። «ቋጠሮው የኛ አይደለም፣ እቃውም አዲስ አይደለም» አልኩ። ማን እንዳመጣው ታውቃለች፣ ሌላ መጨመር አላስፈለገም። እሷም ለወንድ ልጇ ስልክ እንድታመጣላት ልጅቷን አዝዛ ነበር። በዚያው ቀን «ይቅርብኝ» ብላ ላከችባት። ቅዳሜ ሁለት ሌሎች ሴቶች ትእዛዛቸውን መተዋቸውን ሰማሁ። ደግ አደረጉ ብዬ አሰብኩ።

ለልጄ ግን አልነገርኳትም። ሐሙስ ዕለት «ደረሰ?» ብላ ስትደውል «ደርሷል» ብቻ ነበር ያልኳት። ማስረጃዬን ሳልጨርስ ላስደነግጣት አልፈለግኩም። ለገዛ ልጄ ያልነገርኩትን ለጎረቤት መንገሬን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ የልጅ ልጄ ደወለች።

«እማማ፣ ላፕቶፔ ደርሶ የለ እንዴ? ለምን አትልኪልኝም?»

«እየተጣራ ነው።»

«ላፕቶፕ ነው ወይስ ተጠርጣሪ?»

«ተጠርጣሪዋ ሌላ ናት።»

«ይሠራል አይሠራም?»

«ይሠራል።»

«እና ሌላው ምን አገባን?»

«ያገባናል» ብዬ ዘጋሁ።

እሑድ ልጄ የምታርፍበት ቀን ነው። ስልኩን ከፔርሙዙ ጋር አስደግፌ በቪዲዮ አገኘኋት። በጠባቧ ክፍሏ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። የሰላምታው ነገር ሲያልቅ «ሻሹን እንዴት አድርገሽ እንዳሰርሽው አሳዪኝ» አልኳት።

«ምን?»

«ክር ፈልጊና እሰሪ፤ ልየው።»

«እማዬ፣ በስተርጅና ፖሊስ ቤት ተቀጠርሽ እንዴ?» እየሳቀች ተነሣች። የቀሚሷን መቀነት አምጥታ ትራሷን ማሰር ጀመረች። «ይኸው። ሁለት ጊዜ ወደ ግራ። ከዚያ በሥሩ። ከዚያ ወደ ላይ ሳብ።»

አፏ የእናቴን ቃል አንድ ሳያስቀር ይናገራል። እጇ ግን ወደ ቀኝ ዞረ። «በሥሩ» ስትል ጫፉ ከላይ አለፈ። ጨርሳ ትራሱን ወደ ስልኩ አስጠጋችልኝ። «ይኸው፣ የአያቴ ቋጠሮ!»

መሳቢያውን ከፍቼ ሲባጎውን አወጣሁና ከስልኩ ጎን አስቀመጥኩት። አንድ ናቸው።

«ትክክል ነው አይደል?» አለችኝ።

«ትክክል ነው» አልኳት።

ከዱባይ እስከ ቤቴ ድረስ ያንን ቋጠሮ የፈታ ሰው አልነበረም። የተለወጠ እቃም የለም። ቢጫው ሻሽ ውስጥ አሮጌውን ያስገባችው ራሷ ልጄ ናት። አዲስ ያለችኝም እሷው ናት።

«ላፕቶፑስ፣ ደህና ነው?» አለች መቀነቱን እየፈታች።

«ደህና ነው። ይሠራል።»

«እማዬ፣ ካርቶኑ እኮ...»

«ካርቶን ምን ያደርጋል፣ ቦታ ይይዛል» አልኳት። ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ መጠበቁ ሰልችቷት ራሷ ከወልቂጤ መጣች። ላፕቶፑን ከፈተችው። ጣቷን በደበዘዙት ፊደሎች ላይ አሳልፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሠራል» አልኳት።

«ይሠራል» አለች እሷም፣ ሻሹን መልሳ ጠቀለለችበትና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የቀረው የሦስተኛው በር ጉዳይ ነው። ያንን ሌሊት ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ አልልም፣ ተኝቻለሁ። ግን ጠዋት ስነሣ አንድ ነገር ግልጽ ነበር። ልጅቷ አልሠረቀችም ብዬ ብናገር፣ የሚቀጥለው ጥያቄ አሮጌው ከየት መጣ የሚል ነው። መልሱ ደግሞ የልጄን ስም ይዞ ሰፈሩን ይዞራል። አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ለልጇ አዲስ ዕቃ መግዛት አቃታት ሊባል ነው። ዝም ብል ደግሞ ያችኛዋ ሥራዋን ታጣለች፣ ያሳጣኋትም እኔ ነኝ።

በሶና ሚጥሚጣ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ላዩን በቃጫ በእናቴ አስተሳሰር አሰርኩትና ሰኞ ረፋድ ላይ ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ልብስ ዘርግታለች። ጎረቤቴም እዚያው ቀሚስ ታገላብጣለች፤ መግዛቱን ብትተው ማየቱን አትተውም።

«እትዬ፣ ቋጠሮዎ ተገኘ?» አለችኝ ልጅቷ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ። ከዚህ በፊት ሳትነሣልኝ ቀርታ አታውቅም። «እኔ የሰው ቋጠሮ የምፈታ ብሆን እኮ ይሄኔ በረንዳ ላይ አልነበርኩም፣ ፎቅ ላይ ነበርኩ።»

«ቋጠሮው የልጄ ነው» አልኩ፣ ጎረቤቴ እንድትሰማ ጮክ ብዬ። «እሷ እንዳሰረችው ነው ያደረስሽልኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጎረቤቴ ቀሚሱን አስቀመጠች። «እቃው አሮጌ ነው ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?»

«ነው። ያገለገለ ግዢ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ረስቼው ነው።»

«አንቺ? የአገሩን ሰው የካርድ ቁጥር በቃሏ የምትይዘው? አንቺ ረሳሽ?»

«እርጅና ነው» አልኩ።

ጎረቤቴ ከንፈሯን መጠጠች። እስከ ማታ ድረስ ማርጀቴን መንደሩ በሙሉ እንደሚሰማ አወቅኩ። ይሁን።

ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝ። ዕቃውን ከልጄ እጅ የተቀበለችው እሷ ናት፤ ምን እንደተቀበለች ከእኔ ቀድማ ሳታውቅ አልቀረችም። ተነሥታ በርጩማውን አቀረበችልኝ።

ጥቅሉን ሰጠኋት። «ስትሄጂ ለልጄ አድርሽልኝ። ደግሞ ቤት ነይ፣ ያን ቀን ሻይ ሳትጠጪ ነው የሄድሽው።»

በእጇ መዘነችው፣ ቃጫውንም በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «እትዬ፣ ኤርፖርት ላይ ፍቺው ቢሉኝስ?»

«ፍቺው።»

«ከዚያስ? እኔ እንዲህ አድርጌ ማሰር አልችልም።»

«እንደሚሆንልሽ እሰሪው» አልኳት።