ሆዴን ባር ባር አለኝ

ልጆቼ «ባር ባር አለኝ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ፣ ፈራሁ ማለት ነው ብዬ አልገላገላቸውም። ናፈቀኝም አይደለም። እንግዳ ሸኝታችሁ ስትመለሱ ቤቱ ጭር ሲልባችሁ የሚሰማችሁ ነው፤ ደስታውም አለ፣ የጎደለ ነገርም አለ። እኔ ትርጉሙን የተማርኩት ከእናቴ ነው፣ አያድርስ በሚያሰኝ መንገድ።

ታላቅ ወንድሜ ዳሪሙ በሚባል ገጠር ቡና ያለማ ነበር። የንብ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ፤ እዚያው ቀበርነው። እናታችን ያለችው መቱ ከተማ ነው፤ ከሆስፒታል ገና መውጣቷ ነው፣ ደም ግፊቷም አልወረደም። የሰፈር ሽማግሌዎች «መርዶው ይቆይ፤ አሁን ብትሰማ ትከተለዋለች» አሉ። ታዲያ «ልጄ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ስትል ምን ይመለስላታል? የእኔና የእሱ ድምፅ አንድ ነው፤ በስልክ ሚስቱ እንኳ ትሳሳት ነበር። «አንተ ደውልላት» አሉኝ። ጉድ እኮ ነው!

በእሱ ስልክ፣ ከጎረቤት ጓሮ ሆኜ ደወልኩ። እኔ እማዬ ነው የምላት፤ እሱ በኦሮምኛው «ሃርሜ» ይላት ነበር። «ሃርሜ» አልኳት። «ያለህበት ይበርዳል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። «አይበርድም» አልኩ።

ቤት ስገባ ፊቷ በርቷል። «ወንድምህ ደወለ እኮ! ደስ አለኝ፤ ብቻ ሆዴን ባር ባር አለኝ» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ደወልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዳንዴ ሳላስበው ከአፌ ይወጣል፤ ቡናው እንዳበበ፣ የማላውቃት ላም ታማ እንደዳነች። የማን አፍ እንደሆነ ግራ ይገባኝ ጀመር። ስልኩን ስዘጋው ዞር ብዬ ኋላዬን አያለሁ።

ጤናዋ ሲመለስ፣ ሽማግሌዎቹና እኔ እንደ ወጉ በማለዳ በሯን አንኳኳን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ቁጭ ብላ ስትጠብቀን አገኘናት። የሚናገረው ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ «አይድከሙ ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅሁት» አለችው። «የወለድኳቸውን ድምፅ ልስተው?»

ለቅሶውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ እማዬ?»

«ብናገር መደወሉን ትተዋለህ ብዬ ነዋ።»