በነጠላ የተጣራ ዘይት

ትናንት አንድ ሾፌር የጠቆረ የዘይት ማጣሪያ፣ ፊልትሮ፣ አቀበለኝና «እጠብና መልሰው ባክህ» አለኝ። የተቃጠለው ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እናቴ ትዝ አለችኝ። ሰው እናቱን በቅቤ ሽታ ያስታውሳል፣ እኔ በሞተር ዘይት። ምን ላርግ።

አዘዞ ጋራዥ ነው የምሠራ። ጎንደር ውስጥ ከኔ በላይ ሞተር የሚያውቅ ካለ ይምጣ፣ ምሳ ከኔ ነው! ከትምህርትስ አራተኛ ክፍል ላይ ተፋትተናል። ጆሮዬ ግን ዲግሪ አለው፤ ከአባቴ ነው የወረስኩት።

አገሬ መካነ ብርሃን ላይ የናፍጣ ወፍጮ ነበረን። የእናቴ ጉልበት በድንጋይ ወፍጮና በመጁ አልቆ ነበርና አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ገዛው። የተከልነው ለት «ከእንግዲህ መጅ እንዳትነኪ» አላት። እሷም መጁን የበር ማስደገፊያ አረገችው፤ ያገራችን ነፋስ በር አያስተኛም።

ዘይት የሚቀየር ለት ቤታችን ድግስ ነበር። ጎረቤቱ ምስጥ እንዳይበላው ምሰሶውን ሊቀባበት አሮጌውን በጣሳ ይቀዳል። አባቴ አዲስ ፊልትሮ አስሮ ሞተሩን ያስነሳና፣ እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠግቶ «ሸጋ፣ ጤነኛ ነው» ይላል።

ከዛ መንገድ ተዘጋ። ዘይት ከጎንደር መምጣቱ ቀረ። ሞተሩ ውስጥ ያለው እንደ ሬንጅ ወፈረ። አባቴ ሊያቆመው ሲል ፋሲካ ደረሰ፣ ሴቶቹ እህል ተሸክመው ደጃችንን ሞሉት።

«ምነው አያ፣ ለፋሲካ መጅ ሊያስይዙን ነው?» አለች አንዷ።

 እናቴ አገር ያወቃት ጠላ ጠማቂ ናት። «ድፍርስ በምን ይጠራል አንቱ? ያምጡት ወዲህ!» አለችና የጥምቀት ነጠላዋን አጣጥፋ ዘይቱን አጣራችበት። አባቴም ፊልትሮውን በናፍጣ አጥቦ መለሰው። ጉድፉ ነጠላው ላይ ሲቀር እልል ተባለ። ዘይት ግን እንደ ሰው ነው፤ ካረጀ ቢያጥቡትም ጉልበቱ አይመለስም። ይህን ያኔ ማን ነግሮን።

ሞተሩ በማግስቱ ድምፁ ጎረነነ። አባቴ ሊያጠፋው ሮጠ። ሳይደርስ አንዴ ጮኸና ደረቀ፣ ብረት ብረትን በልቶ ጨረሰው። ሴቶቹ ግማሽ የተፈጨ እህላቸውን እያፈሱ ሄዱ።  ቢሰድቡን ይሻል ነበር።

እናቴ ነጠላዋን አየት አረገችና «የነጠላው መሳሳት ነው። ጋቢ ቢሆን ያጠራው ነበር» አለች።

ሁለተኛ ሞተር የሚገዛ በሬ አልነበረንም። ከበዓሉ በኋላ መጁን ከበሩ ሥር አነሳችው። ያ ሞተር ሲያመው በድምፅ የሚያውቅ አባቴ፣ እሷ መፍጨት ስትጀምር ጋቢውን እስከ ጆሮው ይከናነብ ነበር።

ትናንት ለሾፌሩ ሳልቀልድ አዲስ ፊልትሮ አሰርኩለት። ከዛ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ጉልበትሽስ?»

«ሸጋ ነኝ ልጄ። መፍጨቱንም ከተውኩት ቆየሁ።»

ጆሮ አለኝ ብዬሃለሁ። ከኋላዋ በሩ በነፋስ ይማታል፣ መጁ ዛሬም ከበሩ ሥር የለም።

«እሰይ» አልኳት።