እምሩ ለሚናስ የመሰከረበት ዓርብ

ፒያሳ ውስጥ ሰዓቱ የቆመበት ሰው ወደ እምሩ ሲሄድ ሁለት ነገር ይዞ ይመለስ ነበር፤ የሚሠራ ሰዓትና ለሳምንት የሚበቃ ተረብ። እምሩ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ አሮጌ ቤት በረንዳ ሥር፣ መስታወት ከተገጠመላት ትንሽ የእንጨት ሳጥኑ ኋላ ተቀምጦ ኖሯል። በአንድ ዓይኑ በማጉያ መነጽሩ የሰዓቱን ሆድ ያያል፤ በሌላው መንገደኛውን ይለቅማል። ሰዓቱን አሥር ደቂቃ አስቀድመው የሚሞሉ አንድ መምህር ነበሩ። «ጋሼ፣ ቀድመው ደርሰው ማንን ነው የሚጠብቁት? ተማሪው እንደሆነ እርስዎ ያስተማሩ ዕለት ነው ተስፋ የቆረጠው» ይላቸዋል። የወርቅ ቅብ ሰዓት ይዞ ለመጣ ደላላ ደግሞ «ይቺ ሰዓት ቁርጥ አንተን ናት፤ ከሩቅ ታብረቀርቃለች፣ ሲቀርቧት ትቆማለች» ይላል። ደላላው ይስቃል፤ የተባለውን የሚያስበው ግን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ይህ ምላስ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። የእምሩ አባት ከጎንደር ገጠር አዲስ አበባ የገቡ የቤተ እስራኤል ሰው፣ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጁ ያደገው የቀጥቃጭ ልጅ ዓይኑ ሰው ይበላል በሚባልበት ሰፈር ነው። ሌሎቹ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩ እሱ ቃል መወርወር ተማረ። ቃሉ ከድንጋዩ ይበልጥ ስለሚያም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ደፍሮ የሚነካው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጠላት ባይኖርም መወርወሩ ቀጠለ።

ችግሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት፣ አፍንጮ በር ወዳለችው ትንሽ የኪራይ ጸሎት ቤት አዘውትሮ መሄድ ሲጀምር ነው። እዚያ ከጎንደር የመጡ ቤተሰቦች በየሰንበታቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ይሰበሰባሉ። የሚመሯቸው ቄስ ባይህ ናቸው፤ ቤተ እስራኤልም መሪያቸውን ቄስ ይሉታልና። ቄስ ባይህ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ነገርን እንደ ሽንኩርት የሚልጡ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው እንደሚያስተምሩት፣ ፈጣሪ ሌላውን የሰው አካል እንዲሁ ሲተወው ምላስን ግን በሁለት ግንብ አጠረው፤ አንደኛው የአጥንት፣ እሱ ጥርስ ነው፤ ሁለተኛው የሥጋ፣ እሱ ከንፈር ነው። «ሁለት ግንብ ያስፈለገው እስረኛ ምን ዓይነት ወንበዴ ቢሆን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ሰው ክፉ ማውራት የተከለከለው ነገሩ ውሸት ሲሆን ብቻ እንዳልሆነ፣ እውነት ሲሆንም እንደሆነ የነገሯቸው ዕለት እምሩ እጁን አወጣ።

«ቄስ፣ ውሸቱም እውነቱም ከተከለከለ ፒያሳ ምን ይዋጣት?»

ጸሎት ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ቄሱም ሳቁ፤ ግን ትምህርቱን አልቀየሩትም።

ሌላ ጊዜ ስለ መናው አስተማሩ። በምድረ በዳ ብዙ የሰበሰበውም ጥቂት የሰበሰበውም ድንኳኑ ገብቶ ሲሰፍረው የሁሉም ድርሻ የሚበቃውን ያህል ሆኖ ተገኘ። «እንግዲህ ላንተ የተመደበውን ማንም አይወስድብህም። አንተም ለሌላው ከተመደበው የፀጉር ያህል አትቆርስም። ታዲያ ባልንጀራህን አሳጥተህ የምታገኘው ትርፍ ምንድን ነው?» አሉ። እምሩ መልስ ፈለገ፣ አጣ፤ ይህ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ዘዴ አበጀ። ሰዓት ሠሪ ሁለት እጁ ሲያዝበት ወረንጦውን በጥርሱ ይነክሳል፤ የሥራው ልማድ ነው። እምሩ ልማዱን ለሌላ ጉዳይ አዋለው። ተረቡ ከጉሮሮው ሲነሳ ወረንጦውን ይነክሳል። ወረንጦ ነክሶ መናገር አይቻልም፤ ቢቻልም ሰሚው አይገባውም። በመጀመሪያው ወር ሦስት ወረንጦ አጣመመ። አጠገቡ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጠው ሱፊያን አንድ ቀን ቀረብ ብሎ፣ «እምሩ፣ አሞሃል እንዴ? ዛሬ ሰው ሁሉ በሰላም ነው የሚያልፈው» አለው።

ክረምቱ እንደወጣ ያ አሮጌ ቤት ከነበረንዳው ለመንገድ ማስፊያ ፈረሰ። ሱፊያን መጻሕፍቱን ጭኖ ወደ ስድስት ኪሎ ሄደ። እምሩ ሳጥኑን አቅፎ ቀረ። የሰዓት ሥራ ደግሞ የትም ተቀምጠው የሚሠሩት አይደለም፤ ብርሃን ይፈልጋል፣ ነፋስና አቧራ የማይደርስበት ጥግ ይፈልጋል። ለሁለት ሳምንት አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሞከረ። የፈታቸውን ሰዓቶች ብናኝ እየገባባቸው ሳይገጥም መለሰ፤ ደንበኞቹም ሌላ ሰው መፈለግ ጀመሩ። አንድ ወር እንዲህ ከቀጠለ ሙያውን ትቶ የሞባይል ሽፋን መቸርቸር እንደሚቀረው ያውቀዋል።

ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የእትዬ ረይሀና የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በር። ከመስታወቱ ኋላ አንድ ወንበርና አንድ ሳጥን ልክ የምታስቀምጥ ጥግ አለች፤ የጠዋት ፀሐይ እስከ ስድስት ሰዓት አይለያትም። እትዬ ረይሀና ከወሎ በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ጥጓን ለሰዓት ሠሪ ለመስጠት ሐሳብ ነበራቸው። የጠየቋቸው ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እምሩና ሚናስ። ሚናስም ከዚያው ከፈረሰው ቤት የተነሳ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት የሚያንስ ሰዓት ሠሪ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እምሩን አስጠሩት።

«ና ተቀመጥ። አንተ አፍህ አያርፍም ይሉሃል፤ ዛሬ እንዲሠራልኝ ነው የፈለግኩት። ሚናስን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ እትዬ። አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል።»

«ጎሽ። እንግዲህ ንገረኝ። እዚህ የሚቀመጥ ሰው የኔን ደንበኞች ሲገቡ ሲወጡ ነው የሚያየው። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እምሩ ያውቃል። ሚናስ ጠጪ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥበት፣ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ የሚያንኮራፋበት ዘመን ነበረው፤ እምሩ ራሱ ሁለት ጊዜ ደግፎ ታክሲ ውስጥ አስገብቶታል። ከተወ ሁለት ዓመት አልፎታል። ግን እትዬ ረይሀና ከግሮሰሪ ደጃፍ ላለማለፍ ብለው መንገድ የሚሻገሩ ሴት ናቸው፤ «ድሮ ይጠጣ ነበር» ከተባለ «ድሮ» የምትለዋን አይሰሟትም። ይባስ ብሎ ዓረፍተ ነገሩ ሳይጠራ መጣ፤ ተሠርቶ፣ ተወልውሎ። *ሚናስ ሰዓት መጠገኑን ይችልበታል እትዬ፤ ከምሳ በኋላ ግን አንዱ ሰዓት ሁለት ሆኖ ይታየዋል።* ከዚህ የተሻለ ተረብ ለሁለት ዓመት አልመጣለትም ነበር።

እጁ ወደ ወረንጦው ሄደ። ወረንጦው ቤት ነው። ከንፈሩን ነከሰ፣ ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑን መደርደሪያው ላይ ወዳሉት ጣቃዎች አዞረ፣ አንድ ጊዜ አሳለ።

እትዬ ረይሀና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገባኝ» አሉ።

«ምን ገባዎት?»

«በዚህ ምላስህ ስለ ሰው ተጠይቀህ ዝም ካልክማ ነገሩ ከባድ ነው። በቃ፣ አትንገረኝ፤ አላህ ይሸፍነው። ሰኞ ጠዋት ሳጥንህን ይዘህ ና።»

እምሩ ከሱቁ ሲወጣ እግሩ መሬት አልነካም። ቦታውን አገኘ፤ ደግሞም አንዲት ቃል አልተነፈሰም! ውሸት አላወራም፣ እውነትም አላወራም። ቤቱም ወዳለበት ወደ አፍንጮ በር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ለአስካለ እንዴት እንደሚነግራት እያሳመረ ሄደ። አስካለ ሚስቱ ናት፤ ደስታዋን አስቀድሞ አየው።

ግማሽ መንገድ ላይ እርምጃው ቀዘቀዘ። እትዬ ረይሀና ምን ነበር የገባቸው? መጠጡ እንኳ አልተነገራቸውም። መጠጥ ቢባሉ ኖሮ ሚናስን ጠርተው ይጠይቁታል፤ እሱም ትቻለሁ ይላል። አሁን ግን ሌባ ይሁን፣ ሴት አባራሪ ይሁን፣ የደበቀው ወንጀል ይኑር፣ የፈለጉትን ያስባሉ፤ ሚናስም የሚመልሰው ነገር የለውም። ግንቡ ውስጥ ያለው እስረኛ ሳይወጣ በመስኮት ምልክት ሰጥቶ ሥራውን ጨርሷል። እሱ ደግሞ «ገባኝ» ሲባል ማስተባበል ሲችል «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጥቷል።

«እኔ ምን አልኩ?» አለ ጮክ ብሎ። አንዲት ካልሲ ሻጭ ዞር ብላ አየችው።

ፀሐይዋን ለካ። አሥር ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቦታም ስለ ሥራም አይወራም። እስከ ሰኞ ቢቆይ ደግሞ ሰኞን ያውቀዋል፤ ሳጥኑን ይዞ ይቀመጣል፣ ፀሐይዋ ትሞቀዋለች፣ ሐሳቡም ይቀየራል። እየተራገመ ተመለሰ።

እትዬ ረይሀና ጨርቅ እያጠፉ ነበር። «ምነው፣ ሰኞ ደረሰ?»

«ቅድም ያላልኩትን ልናገር ነው።»

«አትንገረኝ አልኩህ እኮ!»

«ክፉ አይደለም እትዬ። የሚናስ እጅ ከኔ እጅ ይሻላል። እኔ አይሆንም ብዬ የምመልሰውን የግድግዳ ሰዓት እሱ ያስነሳዋል። የሰው ዕቃ ጠፍቶበት አያውቅም። ስለ ደንበኞችዎም አያስቡ፤ ሥራ ላይ ካቀረቀረ እናቱ ብታልፍ አያያትም።»

እትዬ ረይሀና ጨርቁን አስቀመጡ። «ታዲያ ቅድም ምን ሆነህ ነው እንደ ድስት ክዳን የተንቀጠቀጥከው?»

«ቦታውን ፈልጌው ነው።»

እትዬ ረይሀና ወደ ባንኮኒው ተጠጉ። «እሱንም ስላንተ ጠይቄዋለሁ፤ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም። ምን አለ?»

«‹ሥራውን ያውቃል፤ ምላሱ ግን ደንበኛ ያባርራል። ሳምንት ሳይሞላው እርስዎንም ይተርብዎታል› ነው ያለኝ።»

ያ ቅድም የዋጠው ዓረፍተ ነገር ተመለሰ። አሁን ደግሞ ምክንያት ይዞ፣ ፍትሕ መስሎ፣ ጫማውን ጠርጎ ነው የመጣው። ሚናስ አለ አይደል? እሱ ደግፎ ታክሲ ያስገባው ሚናስ! አንድ ለአንድ ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። እምሩ ባንኮኒው ላይ የነበረውን የጨርቅ መለኪያ እንጨት በሁለት እጁ ያዘ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እውነቱን ነው» አለ። «እርስዎን ደግሞ እስካሁንም ሁለት ጊዜ ተርቤዎታለሁ።»

«ኧረ? ምን ብለህ?»

«አይነገርም።»

እትዬ ረይሀና ሻሻቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። «ተፎካካሪው ከመሰከረለት ሰው የበለጠ ከየት አመጣለሁ? ደግሞ አንተ ያልከው ስለሆነ ነው ያመንኩት፤ አንተ ሰው ስታመሰግን ሰምቼ አላውቅም። ቦታው ለሚናስ ነው።»

«ደግ» አለ እምሩ።

ከውስጡ አንድ ነገር፣ ደግ የሠራ ሰው እዚያው በዚያው የሚካስባቸውን ታሪኮች የሚወድ አንድ ነገር፣ ሌላ መልስ ሲጠብቅ ኖሮ አሁን ተቀየመ። እስከ አፍንጮ በር ድረስ እምሩ ከፈጣሪው ጋር ተከራከረ። መናው ይታወቃል፤ የሚወርድበት ሰፈር ግን ቢነገረው ምን ነበረበት? ደጁ ሲደርስ ግን የገረመውን ነገር አስተዋለ። ተናዷል፣ አልፈራም። ሰኞ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ ይቺ ችግር ደግሞ ትላንትም የነበረች ናት።

አስካለ የሰንበቱን ዳቦ አውርዳ እሳቱን ልታጠፋ ጎንበስ ብላ ነበር።

«ቦታውስ?»

«ለሚናስ ሆነ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እኔ መስክሬለት።»

አስካለ ቀና አለች። ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብላ ፀሐይዋን አየች። ከጣሪያዎቹ በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርታለች። በእነሱ ቤት ሰንበት ከገባ ጭቅጭቅ የለም፤ አስካለ ይህን ሕግ አንድ ቀን እንኳ ሰብራው አታውቅም። ስለዚህ የቀራትን ጊዜ በሚገባ ተጠቀመችበት።

«ሃያ ዓመት አገሩን ሁሉ ስታብጠለጥል አፍህን የሚዘጋ ጠፋ፤ ዛሬ ለጉሮሯችን ሲሆን ጻድቅ ሆንክ? ሚናስ ጠበቃ ቀጥሮህ ነው? ዝም ማለት እንዴት ያቅትሃል?»

«ዝም ብዬማ አግኝቼው ነበር።»

«አግኝተኸው! አግኝተኸው ነበር! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አግኝቶት ነበር!» አለች፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። «ከእጅህ አውጥተህ ሰጥተህ መጣህ? ደግሞ ምን ብለህ ነው ያመሰገንከው?»

«እጁ ከኔ ይሻላል ብዬ።»

«ይሻላል እንዴ?»

«በግድግዳ ሰዓት።»

«እኔን ባገባኸኝ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወጥሽ ጣመኝ ብለህ ታውቃለህ? ለሚናስ የግድግዳ ሰዓት! ሰኞ የት ልትቀመጥ ነው?»

«ሰኞ ይታወቃል።»

«እኔ አሁን ነው ማወቅ የምፈልገው!»

«አስኩ፣ ፀሐይዋ።»

ዞር ብላ አየች። ጠልቃለች። አስካለ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ዓረፍተ ነገሩ ደርሶ ነበር፤ የሙያው ሰው በመሆኑ እምሩ ከአተነፋፈሷ ብቻ ጥሩ እንደሆነ አወቀ፤ እናቱንም ሳይነካ አይቀርም። አስካለ ቃሉን ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ዋጠችው፤ ሲወርድ በአንገቷ ታየ።

«ሰንበት ሰላም» አለችው።

«ሰንበት ሰላም።»

ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ትንሽ ጫን አድርጋ። ቅዳሜ ማታ ሰንበቱ ሲወጣ ከየት እንደምትቀጥል ሁለቱም ያውቃሉ። እስከዚያ ግን አንድ ሙሉ ቀን አለ። እምሩ ዳቦውን ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ቀና ብሎ አያት።

«ጥሟል» አላት።

አስካለ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።